ሪፐር በደካማ ላፕቶፕ፦ ሴንዱና ባሱ ብቻውን ያስገዛዋል

ፍርዴን ላስቀድም። ላፕቶፓችሁ ጉልበት የሌለው ከሆነ፣ ሥራችሁ ደግሞ ትራክ (ለየብቻ የተቀዳ የድምፅ መስመር) የሚበዛበት ከሆነ፣ ማለትም መዝሙር ከነመዘምራኑ ወይም የሰርግ ዘፈን ከነከበሮውና ከነጭብጨባው፣ ከሪፐር የተሻለ የሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀዱ ድምፆችን አመዛዝኖ የማዋሃጃ፣ ሶፍትዌር እስካሁን አላገኘሁም። ስለ ዋጋው በኋላ አወራለሁ። እኔን የያዘኝ ግን ድምፅን ከአንዱ ትራክ ወደ ሌላው የሚያዘዋውርበት መንገድ ነው። ሴንዱና ባሱ። ስለዚህ እዚህ ስለ ሪፐር ሁሉንም ነገር አታገኙም፤ በዚህ በአንዱ ላይ ግን ጠለቅ ብዬ እገባለሁ።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አድርጌ። የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ቅርባችን ስለሆነ የከባድ መኪና ድምፅ አይጠፋም። ከፒያሳ ወይም ከሳር ቤት ተነስቶ እዚህ ድረስ መምጣት ለድምፃዊም ለሙዚቀኛም ፈተና ነው፣ ትራንስፖርቱን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አብዛኛው ሥራ በቴሌግራም ነው የሚመጣልኝ። ድምፁ አንድ ቤት ይቀዳል፣ ክራሩ ሌላ ቤት፣ ኪቦርዱ ሌላ ቦታ፣ ተቀባዮቹ አንዳንዴ በስልክ ሁሉ ተቀድተው ይመጣሉ። ተሰብስቦ እኔ ጋ ሲደርስ ሠላሳ አርባ ትራክ ነው። ላፕቶፔ 8 ጂቢ ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ ነው፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ በባትሪ ነው የምቀጥለው። እንዲህ ባለ ሁኔታ በየትራኩ ላይ የራሱን ሪቨርብ (የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት የሚጨምር) መጫን የማይታሰብ ነው። ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪው ዓይናችሁ እያየ ያልቃል።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው በአጭሩ። ሴንድ ማለት አንድ ትራክ ወደ ማስተር (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ ወደሚወጣበት) የሚሄድበትን መንገዱን ሳይለቅ፣ ቅጂውን በምትፈልጉት መጠን ወደ ሌላ ትራክ መላክ ነው። እዚያኛው ትራክ ላይ ሪቨርብ ወይም ዲሌይ (ድምፁን ጥቂት ቆይቶ የሚደግም) ቁጭ ብሏል። ሰፈር ውስጥ ያለ ወፍጮ ቤት በሉት፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ወፍጮ አይገዛም፣ የሚፈልገውን ያህል እህል ይዞ ይሄዳል እንጂ። ባስ ደግሞ ብዙ ትራኮች ተደምረው የሚያልፉበት አንድ ትራክ ነው። መዘምራኑ በሙሉ በአንድ ኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ማመጣጠኛ)፣ በአንድ ኮምፕሬሰር (የጮኸውን ዝቅ የሚያደርግ)፣ በአንድ ፌደር (የድምፅ መጠን ማስተካከያ) ያልፋሉ። በሴንድ ቅጂው ይሄዳል፣ በባስ ድምፁ ራሱ ይሄዳል። ልዩነቱ ይሄው ነው።

አሠራሩን የወለደው እጥረት ነው። በፈረንጆቹ 1957 ኢኤምቲ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኢኤምቲ 140 የሚባለውን ፕሌት ሪቨርብ አወጣ። ትልቅ የብረት ሉህ በፍሬም ላይ ተወጥሮ፣ ድምፁ ብረቱን እያርገበገበ ሪቨርብ የሚፈጥር ዕቃ ነው። ክብደቱ 270 ኪሎ ገደማ። ትልልቅ ስቱዲዮ እንኳን ለእያንዳንዱ ቻናል አንድ አንድ ሊያቆም አይችልም፤ ስለዚህ ሁሉም ቻናል በየሴንዱ አንዱን ዕቃ ይጋራል። ዛሬ ሪቨርብ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም) ሆኗል፣ ሃምሳ ጊዜ መክፈት ይቻላል፣ ኮምፒውተሩ ከቻለ። የእኔ አይችልም። የብዙዎቻችሁም እንደማይችል አውቃለሁ።

ግን ኮምፒውተሩ ቢችል እንኳን ወደ ሴንድ ነው የምሄደው፣ እዚህ ጋ ነው ለኛ ሥራ ትልቁ ጥቅም ያለው። ድምፁ ኮተቤ ተቀድቷል፣ ክራሩ ለቡ፣ ተቀባዮቹ ጀሞ፣ እያንዳንዱ የየክፍሉን አየር ይዞ ነው የመጣው። በየትራኩ የተለያየ ሪቨርብ ካደረግን ይባስ ይራራቃሉ። ሁሉንም ወደ አንድ ሪቨርብ፣ አንዱን በብዙ፣ ሌላውን በጥቂት ስንልክ ግን አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው የቆሙ ይመስላሉ። ተራርቀው የተቀዱ ሰዎችን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለኝም።

እሺ፣ ሪፐር ከሌላው በምን ይለያል? ሪፐር ውስጥ የትራክ ዓይነት የሚባል ነገር የለም። ፕሮ ቱልስ ላይ ለሪቨርብ ኦግዚላሪ ኢንፑት የሚባል የተለየ ትራክ ትከፍታላችሁ፣ ለአንድ ትራክ የሚፈቀደውም 10 ሴንድ ነው። ኩቤዝ ላይ የኤፍኤክስ ቻናል ሌላ ነው፣ የግሩፕ ቻናል ሌላ። ሪፐር ላይ ሁሉም ትራክ አንድ ነው። ድምፅ የተቀዳበት ትራክ ዛሬ የድምፅ ትራክ፣ ነገ ባስ፣ ከዚያ የሪቨርብ ትራክ መሆን ይችላል። ሚዲም (የኪቦርድ ኖታ መረጃ) ያው እዚያው። ኮንትሮልና ቲ ተጭናችሁ አዲስ ትራክ ትከፍታላችሁ፣ ስሙን ሪቨርብ ትሉታላችሁ፣ ፕለጊኑን ታስገባላችሁ፣ አለቀ። ከዚያ የድምፁ ትራክ ላይ ያለችውን ራውት የምትል ቁልፍ በማውዝ ይዛችሁ ሪቨርቡ ላይ ጎትታችሁ ትለቋታላችሁ። ሴንዱ ተፈጠረ። የድምፅ መጠን ማስተካከያው ያለበት ትንሽ መስኮትም አብሮ ይከፈታል።

ትራኩ ሲበዛ ደግሞ አልት ይዛችሁ አር ስትጫኑ የራውቲንግ ማትሪክሱ ይመጣል፦ በአንድ በኩል የሚልኩት ትራኮች፣ በሌላ በኩል የሚቀበሉት፣ የሚገናኙበትን ሳጥን መጫን ብቻ ነው። ተቀባይ ዘፋኞችን ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ወደ አንድ ሪቨርብ ማገናኘት ይቻላል። ከስሪት 6 ጀምሮ የትራኮቹን ግንኙነት በሽቦ ሥዕል የሚያሳይ መስኮትም አለው፤ ሌላ ሰው የሠራውን ፕሮጀክት ስትቀበሉ ምን ወደ ምን እንደሚሄድ ለማየት ጥሩ ነው።

በሴንዱ መስኮት ውስጥ ሦስት ምርጫ አለ፣ እነሱን ማወቅ ግዴታ ነው። ፖስት ፌደር የሚለው ቅጂውን የሚወስደው ከፌደሩ በኋላ ነው፤ ድምፃዊውን ዝቅ ስታደርጉ ሪቨርቡም አብሮ ይወርዳል። ለሪቨርብና ለዲሌይ ዘጠና በመቶ ይሄ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ፕሪ ፌደር ከፕለጊኖቹ በኋላ ግን ከፌደሩ በፊት ይወስዳል። ፕሪ ኤፍኤክስ ደግሞ ከፕለጊኖቹም በፊት፣ ጥሬውን ድምፅ።

ፕሪ ፌደርን የምወደው ድምፅ ስቀዳ ነው። ዘማሪው በሄድፎን የራሱን ድምፅ ከፍ አድርጎ ከጥቂት ሪቨርብ ጋር መስማት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ በስፒከር ሌላ ሚዛን እፈልጋለሁ። በፕሪ ፌደር ሴንድ ለእሱ የተለየ ሚክስ ይሠራለታል፣ እኔ ፌደር ባወርድ ባወጣ እሱን አይነካውም። ለዚህ ግን አራት መውጫ ያለው ኢንተርፌስ (ማይክና ስፒከርን ከላፕቶፑ የሚያገናኝ ዕቃ) ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ጋ ያለችው ስካርሌት 2አይ2 ሁለት መውጫ ብቻ ነው ያላት፣ ሄድፎኑም ያንኑ ይደግማል፤ ስለዚህ ይሄን አስባችሁ ኢንተርፌስ የምትገዙ ከሆነ ወደ 4አይ4 ሂዱ።

አሁን ስለ ሪቨርቡ ራሱ፣ ምክንያቱም ሴንድ ከፍተው የጭቃ ድምፅ የሚያወጡ ሚክሶች በጣም ብዙ እሰማለሁ፣ በተለይ መዝሙር ላይ። የመጀመሪያው ነገር፣ ሴንድ ትራክ ላይ ያለ ሪቨርብ ድራዩ (ደረቁ ድምፅ) ዜሮ መሆን አለበት፣ የሚወጣው ዌቱ (ማስተጋባቱ) ብቻ ይሁን። ደረቁ ድምፅ በራሱ መንገድ ወደ ማስተር እየሄደ ነው፣ በሪቨርቡ በኩል ሁለተኛ ጊዜ መምጣት የለበትም። ሁለተኛ፣ ከሪቨርቡ በፊት ኢኪው አስቀምጡ። የለንደኑ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ወደ ፕሌቱ የሚገባውን ድምፅ ከ600 ሄርዝ በታችና ከ10 ሺህ ሄርዝ በላይ ያለውን ይቆርጡ ነበር፣ ይሄ ዛሬም የሚሠራ ዘዴ ነው። ከሪፐር ጋር በሚመጣው ኢኪው፣ በሪኢኪው፣ በቀላሉ ይሠራል። ቁጥሩን እንደ ድምፃዊው ቀይሩት፤ ወፍራም የወንድ ድምፅ ሲሆን የታችኛውን በደንብ ቁረጡ፣ ቀጭን ድምፅ ሲሆን 300 አካባቢ ይበቃል።

ሦስተኛው ስለ ቋንቋችን ነው፣ ይሄን በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች ላይ አታገኙትም። አማርኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ አለው። እነዚህ ድምፆች ጉሮሮ ተዘግቶ በፍንዳታ ነው የሚወጡት፣ ማይኩ ላይ ሹል ሆነው ይቀዳሉ። ሪቨርብ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ እያንዳንዷ ፍንዳታ ጭራ ታወጣለች። «ጸጥታ» የሚለውን ቃል በረጅም ሪቨርብ ሞክሩት፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። መፍትሔው እዚያው ሴንዱ ላይ ነው፦ ሪቨርቡ ትራክ ላይ ከሪቨርቡ በፊት ዲኤሰር (ሹል ድምፆችን የሚያለዝብ) ወይም ፈጣን ኮምፕሬሰር አስቀምጡ፣ ፕሪ ዲሌይ (ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለ አጭር ቆይታ) ጨምሩ። ዋናው ድምፅ ላይ ምንም አልነካችሁም፣ ቃሉ እንደጠራ ይቆያል፣ ሪቨርቡ ግን ለስልሶ ይመጣል። ሪቨርቡ በየትራኩ ላይ ተጭኖ ቢሆን ይሄን ማድረግ አይታሰብም ነበር።

ዲሌይ ላይ ደግሞ የሴንዱን መጠን አውቶሜት ማድረግ፣ ማለትም ራሱ ከፍ ዝቅ እንዲል ማድረግ ይቻላል፣ ሪፐር ለእያንዳንዱ ሴንድ የራሱ ኤንቨሎፕ (ከፍ ዝቅ የሚልበትን የሚያሳይ መስመር) አለው። የስንኙ የመጨረሻ ቃል ላይ ብቻ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ። ዋሽንት ላይ ይሄ ሲሠራ ደስ ይላል፣ ዋሽንቱ እስትንፋስ ሲወስድ ዲሌዩ ክፍተቱን ይሞላዋል። ዲሌዩን ራሱን በሌላ ሴንድ ወደ ሪቨርቡ መላክም ይቻላል፣ ይበልጥ ይርቃል።

ወደ ባስ እንምጣ። ሪፐር ላይ ባስ የሚሠራበት ቀላሉ መንገድ ፎልደር ነው። ትራኮቹን አንድ ትራክ ሥር ትጎትቷቸዋላችሁ፣ የላይኛው ትራክ ወላጅ ይሆናል፣ የልጆቹ ድምፅ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ምንም ሌላ ማገናኘት አያስፈልግም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ከበሮና ጭብጨባ አንድ ፎልደር፣ ክራርና መሰንቆ ሌላ፣ ኪቦርድ ሌላ፣ ተቀባዮች ሌላ፣ ዋናው ድምፅ ለብቻው። አርባው ትራክ አምስት ፌደር ሆነ ማለት ነው፣ የመጨረሻውን ሚዛን የማደርገው በእነዚህ ነው። ደንበኛ ደውሎ «ተቀባዮቹን ትንሽ አውጣልኝ» ሲል አንድ ፌደር ነው የምነካው።

ባስን በፎልደር ሳይሆን በሴንድ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ትራኩ ወደ ባሱ እየሄደ ወደ ማስተርም በቀጥታ እየሄደ ከሆነ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፣ ከፍ ይላል፣ ባሱ ላይ የምታደርጉት ነገርም ግማሹ ብቻ ይሰማል። በራውት መስኮቱ ውስጥ ማስተር ሴንድ የሚለውን ምልክት ማጥፋት አለባችሁ። ለሪቨርብ ሴንድ ግን አታጥፉት! እዚያ ደረቁ ድምፅ ወደ ማስተር መሄዱ ተፈላጊ ነው። ጀማሪዎች በብዛት የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው፣ ሪፐርም ራሱ ይሄን የሚያስጠነቅቅ ነገር አያሳይም።

ከበሮ ላይ ፓራለል ኮምፕሬሽን ካልሞከራችሁ ሞክሩ። የከበሮውን ባስ በሴንድ ወደ ሌላ ትራክ ላኩ፣ እዚያ የሪፐርን ኮምፕሬሰር፣ ሪኮምፕን፣ አጥብቃችሁ ጫኑት፣ ድምፁ እስኪደቅ ድረስ፣ ከዚያ ያንን ትራክ ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አምጡት። የከበሮው ምት እንዳለ ሆኖ ሰውነት ያገኛል። ፕለጊኖች ድምፅን በጥቂቱ ያዘገያሉ፣ ሪፐር ግን መዘግየቱን ራሱ እያካካሰ ሁለቱን መንገዶች ስለሚያገጥማቸው ድምፁ አይሳሳም።

ሳይድቼይንም፣ ማለትም አንዱ ድምፅ የሌላውን መጠን እንዲቆጣጠር ማድረግ፣ ያው ሴንድ ነው። እዚህ ላይ የሪፐር ነፃነት በደንብ ይታያል፦ ትራክ ማለት ግራና ቀኝ ብቻ አይደለም፣ ስሪት 7 ላይ አንድ ትራክ እስከ 128 ቻናል ይይዛል። ኪኩን (የድራሙን ትልቁን ከበሮ) ወደ ቤዝ ጊታሩ ትራክ ትልካላችሁ፣ መድረሻውን ከ1/2 ወደ 3/4 ትቀይሩታላችሁ፣ ቤዙ ላይ ያለው ሪኮምፕ ውስጥ ዲቴክተሩን ኦግዚላሪ ኢንፑት ታደርጉታላችሁ። ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙ ጎንበስ ይላል። ይሄንኑ ዘዴ ዲሌይ ላይ አድርጉት፣ ድምፃዊው ሲዘፍን ዲሌዩ ዝቅ ይላል፣ ዝም ሲል ብቅ ይላል። ግጥሙ መሰማት ላለበት ሥራ፣ ለመዝሙር በተለይ፣ ይሄ ወርቅ ነው።

ሌላ የባስ ጥቅም፦ ድምፃዊው መድረክ ላይ በፕሌይባክ ሊዘፍን ያለ ድምፅ ሙዚቃውን ይጠይቃል፣ ወይም ተቀባዮቹ ብቻ ቀርተው እሱ የሚዘፍንበትን። ፎልደሮቹ ስላሉ የሚፈለጉትን መርጦ በስቴም (በየቡድኑ ለየፋይል) ሬንደር ማድረግ፣ ማለትም ማውጣት ነው፣ ሁሉም ለየብቻ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። እንደገና ፕሮጀክቱን መበታተን የለም።

የማልወደውንም ልናገር። መልኩ ግራጫና ደረቅ ነው፣ አብረውት የሚመጡት ፕለጊኖችም እንደዚያው፣ መስኮታቸውን ያየ ሰው የሒሳብ መዝገብ ሊመስለው ይችላል። ድምፃቸው ግን ጥሩ ነው፣ ሪኢኪውና ሪኮምፕ በተለይ። ሪቨርቤት የሚባለው ቀላሉ ሪቨርብ አይማርከኝም። የሪፐሩ ReaVerb፣ ከእውነተኛ ክፍል በተቀዳ ድምፅ የሚሠራው ኮንቮሉሽን ሪቨርብ፣ ይሻላል፣ ግን የክፍል ድምፅ ፋይሎችን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ማስገባት አለባችሁ። ነፃ የሆነውን ቫልሃላ ሱፐርማሲቭን አውርዳችሁ ለረጅምና ለሰፊ ድምፅ ብትጠቀሙ አትቆጩም።

አዲስ ሴንድ ሲፈጠር ሙሉ መጠን ላይ፣ 0 ዲቢ ላይ መከፈቱም ደስ አይልም፤ ጎትታችሁ እንደለቀቃችሁ ሪቨርቡ ጆሮ ላይ ይጮኻል። ፕሪፈረንስ ውስጥ ትራክ ሴንድ ዲፎልትስ የሚል ገጽ አለ፣ እዚያ ገብታችሁ ዝቅ አድርጉት፣ እኔ ከ0 በታች 18 ዲቢ ላይ አድርጌዋለሁ። ምርጫው መብዛቱም ራሱ ያደክማል፣ ሜኑ ውስጥ ሜኑ፣ ውስጡ ሌላ ሜኑ። የትም የሚጠቀስ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅም አብሮ አይመጣም። ቢት የምትሠሩ ልጆች ኤፍኤል ስቱዲዮን ጥላችሁ ኑ አልልም። ቢቱን እዚያው ሥሩ፣ ትራኮቹን ለየብቻ አውጡና ሚክሱን ሪፐር ላይ አድርጉት፣ ሁለቱም በሚችሉት ይሥሩ።

ዋጋው። ቅናሽ ያለው ላይሰንስ 60 ዶላር ነው፣ የንግዱ 225። የ60ውን ገዝታችሁ ለንግድ ሥራ የምትጠቀሙበት ከሆነ ጠቅላላ ዓመታዊ ገቢያችሁ ከ20,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፣ ስለዚህ እኛ ሰፈር ላለ ሁሉ የ60ው ነው። አሁን ስሪት 7 ላይ የገዛ ሰው እስከ 8.99 ድረስ ያለውን ሁሉ በነፃ ያገኛል። ዶላሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ስለምታውቁ 60 ዶላር ቀላል ነው አልልም፣ ካርድ የሌለው ሰው ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ መለመን አለበት። ግን በወር በወር የሚከፈል ነገር የለበትም፣ አንዴ ነው። ክራክ እየጫናችሁ በቫይረስ ደንበኛ ፋይል ከማጣት በእጅጉ ይሻላል። የሚወርደው ፋይልም በጣም ትንሽ ነው፣ ሌሎቹ በጊጋባይት ሲቆጠሩ የሪፐር መጫኛ በጥቂት ሜጋባይት ነው፣ በስልክ ዳታ አውርዶ ሻይ ሳይቀዘቅዝ መክፈት ይቻላል።

60 ቀን ያለ ምንም ገደብ መሞከር ይፈቀዳል። ስትሞክሩት የልምምድ ፋይል ይቅርባችሁ፣ ላፕቶፓችሁን አስቸግሮት የነበረውን የራሳችሁን ከባድ ሥራ አስገቡበት። ኮንትሮል፣ አልትና ፒ አብራችሁ ስትጫኑ ፐርፎርማንስ ሜትሩ ይከፈታል፣ እያንዳንዱ ትራክ ምን ያህል ሲፒዩ እንደሚበላ በቁጥር ያሳያል። መጀመሪያ በየትራኩ ሪቨርብ አስገቡና ቁጥሩን ጻፉት። ከዚያ ሁሉንም አጥፍታችሁ በአንድ ሴንድ አድርጉት፣ እንደገና እዩት። ድምፁንም አወዳድሩ።